አምስት ሴኮንድ ለሁሉም እኩል አይደለም

ጥያቄዎ ሲጠቀለል እንዲህ ይላል፦ «አንዱ አሽከርካሪ ውድድሩን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ፣ መኪናው በ1.5 ኪሎ ቀለለች ተብሎ ድሉን ተነጠቀ። ሌላው ተቀናቃኙን ገጭቶ ከውድድር አስወጣ፤ 10 ሴኮንድ ተቀጣና ያም ሆኖ አሸነፈ። ዳኞቹ ሁኔታውን አመዛዝነው መፍረድ ሲችሉ እንዲህ ያለ ግትር ደንብ ምን ይሠራል? ይህስ ፍትሕ ይባላል ወይ?»

የመጀመሪያው በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር በ2024 ቤልጂየም ላይ ጆርጅ ራስል የገጠመው፣ ሁለተኛው በ2021 ሲልቨርስቶን ላይ በሉዊስ ሃሚልተንና በማክስ ቨርስታፐን መካከል የደረሰው መሆኑን ከአነጋገርዎ ተረድቻለሁ (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሁለቱን አንድ ላይ ማንሳትዎ አልገረመኝም፤ ተመልካቹ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ልለያያቸው። በአንዱ ከደንቡ ጎን ነው የምቆመው፤ በሌላው ከእርስዎ ጎን።

ከሚዛኑ እንጀምር። በዚያ ዓመት አንድ የፎርሙላ ዋን መኪና ከነአሽከርካሪው፣ ነዳጁ ሳይቆጠር፣ ከ798 ኪሎ ማነስ አልነበረበትም። በቤልጂየሙ ትራክ በስፓ ራስል ተቀናቃኞቹ ሁለት ጊዜ ጎማ ሲቀይሩ እሱ አንዴ ብቻ ቀይሮ፣ ያለቀ ጎማውን እያባበለ ከሃሚልተን በግማሽ ሴኮንድ ቀድሞ ገባ። መኪናዋ ሚዛን ላይ ስትወጣ ልክ 798 ነበረች፤ የቀረው ነዳጅ ሲቀዳ ግን 796.5 ሆነች። ድሉ ለቡድን ጓደኛው ለሃሚልተን ዞረ። አጭበረበረ ያለ የለም። ጎማ ሲበላ ክብደቱም አብሮ ስለሚበላ፣ በአንድ ጎማ ረጅም ርቀት የሄደ መኪና ከታሰበው በላይ ቢከሳ አያስደንቅም።

«ታዲያ 1.5 ኪሎ ምን ጠቀመው?» ይሉኛል። በሙያው ውስጥ በግምት የሚወሰደው፣ 10 ኪሎ በአንድ ዙር 0.3 ሴኮንድ ያህል ልዩነት ያመጣል የሚል ነው። በዚህ ስሌት 1.5 ኪሎ ወደ 0.045 ሴኮንድ ይጠጋል፤ በ44 ዙር ሲባዛ ሁለት ሴኮንድ ገደማ ይመጣል። ያሸነፈው ደግሞ በግማሽ ሴኮንድ ነው! ግን ይታገሡኝ፤ መኪናዋ ከመጀመሪያው ዙር አልቀለለችም፣ ጎማው እየሳሳ ሲሄድ ቀስ በቀስ ነው የቀለለችው። ስለዚህ ሁለት ሴኮንድ አይሆንም፤ ምናልባት ግማሹ፣ ምናልባት ከዚያም በታች። ያረጀ ጎማ ራሱ ደግሞ መኪናን ያዘገያል፤ እሱም ይቀነስ። ገና «ምን ጠቀመው» ብለን ስንነሳ ማንም በእርግጠኝነት የማይዘጋው ሒሳብ ውስጥ ገባን። ዳኛው ይህን ሒሳብ እንዲሠራ ከተፈቀደለት፣ በቀጣዩ ውድድር ሌላ ቡድን መሐንዲሶቹን አሰልፎ «የእኛ ሁለት ኪሎ ከእነሱ አንድ ተኩል ያነሰ ነው የጠቀመን» እያለ ይመጣል። እንዲህ ባለ ክርክር የሚረታው መሐንዲስ የበዛለት፣ ኪሱ የሞላለት ነው። ሚዛኑ ግን የማንንም ፊት አያይም።

በ2021 ብራዚል ላይ ሃሚልተንን የገጠመው ከዚህም የጠነከረ ይመስላል። ፍጥነት ለመጨመር የሚከፈተው የኋላ ክንፉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ85 ሚሊሜትር መብለጥ አልነበረበትም፤ በ0.2 ሚሊሜትር በለጠ። ዳኞቹ ሆን ተብሎ የተደረገ እንዳልሆነ ተቀብለው፣ ከማጣሪያው ውጤት ግን ሰረዙት። ለቅዳሜው አጭር ውድድር ከመጨረሻ ተነሳ። መኪኖቹ ከማጣሪያው በኋላ በቆሙበት ቦታ የሃሚልተንን ክንፍ በእጁ የነካው ቨርስታፐን ደግሞ 50,000 ዩሮ ተቀጥቶ ታለፈ። ብዙ ሰው ይህን ፍርደ ገምድልነት ብሎታል። አይደለም። የመጀመሪያው የልኬት ጉዳይ ነው፤ ልኬት «አስበህ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛው የምግባር ጉዳይ ነው፤ ምግባር ሲዳኝ ሐሳቡም ጉዳቱም ይታያል። (ሃሚልተን እሑድ ከአሥረኛ ተነስቶ አሸነፈ፤ እሱ የራሱ ተአምር ነው።)

እኔ ራሴ በትንንሽ ውድድሮች የቴክኒክ ፍተሻ ስሠራ ሁለት ኪሎ የጎደለበት አንድ ልጅ ገጥሞኛል። «የጎን መስታወቴ በግጭት ወድቆብኝ ነው» አለና ሮጦ ከሣሩ ውስጥ ፈልጎ አምጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠልኝ። መስታወቱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ዓይኑ እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ ፊርማዬን ግን አኖርኩ።

በልኬት በኩል አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ እሱም ከደንቡ ጥብቅነት ሳይሆን ከፍተሻው ነው። በ1994 በኢሞላ ከደረሰው ሞት በኋላ በመኪናው ሆድ ሥር 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንዲገጠም ተደረገ፤ መኪናው ከመሬት በጣም ዝቅ ብሎ ከሄደ ጣውላው ይፋቃል፣ ከ9 ሚሊሜትር በታች ከሳሳ ደግሞ ውጤቱ ይሰረዛል። በዚያው ዓመት ቤልጂየም ላይ ማይክል ሹማከር በዚህ ምክንያት ድሉን አጣ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። በ2023 ኦስቲን ላይ ግን ከውድድሩ በኋላ ጣውላቸው የተለካው የአራት መኪኖች ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ወደቁ፣ ሃሚልተንና ሻርል ሌክለር ተሰረዙ። ከተለኩት ግማሾቹ ሲወድቁ ስላልተለኩት ምን ልንል ነው? ጥብቅ ደንብ እኩል የሚሆነው ሁሉም ፊቱ ሲቀርብ ነው። ያለዚያ ዕጣ ነው። መኪኖቹን ሁሉ ፈታትቶ መለካት ሌሊቱን ሙሉ እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሚያሳምመኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ግጭቱ ልምጣ፤ እርስዎን ያስቆጣው ነገር በደንብ የሚታየው ከሲልቨርስቶን በላይ በ2023 የሜልቦርን ውድድር ላይ ነው።

ውድድሩ 58 ዙር ነበር። መጨረሻው ላይ በቀይ ባንዲራ ቆሞ ሁለት ዙር ሲቀረው መኪኖቹ ከመነሻ ሰልፍ እንደገና ተለቀቁ። አራተኛ የነበረው ካርሎስ ሳይንዝ በመጀመሪያው ኩርባ ሦስተኛውን ፈርናንዶ አሎንሶን ነክቶ አሽከረከረው። ከኋላም ሌሎች ተላተሙ፤ ቀይ ባንዲራው ዳግም ወጣ። የቀረው አንድ ዙር ከሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ሁሉንም በዝግታ ከሚመራው መኪና) ኋላ፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም እንዲጠናቀቅ ተወሰነ፤ ተራውም ከግጭቱ በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። አሎንሶ ሦስተኛነቱን መልሶ አገኘ፣ ምንም አላጣም። ሳይንዝ ግን 5 ሴኮንድ ተቀጣ፤ ማለትም በመጨረሻ ሰዓቱ ላይ ተደመረበት። ሁሉም እንደ ባቡር ፉርጎ ተያይዘው ስለገቡ 5 ሴኮንድ ማለት መላው ሰልፍ ማለት ነበር፤ ከአራተኛ ወደ አሥራ ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ሆነ። በሬዲዮ ውሳኔው ውድድሩ እስኪያልቅና እስኪያነጋግሩት ድረስ እንዲቆይለት ሲለምን ተሰምቷል። በኋላ ቡድኑ እንደገና ይታይልን ብሎ አመለከተ፤ አልተቀበሉትም።

ይህንን ከሲልቨርስቶን ጎን ያስቀምጡት። እዚያ በመጀመሪያው ዙር፣ ኮፕስ በሚባለው ፈጣን ኩርባ፣ ሃሚልተን የቨርስታፐንን የኋላ ጎማ ነካ። ቨርስታፐን 51 ጂ (ከምድር ስበት 51 እጥፍ) በተመዘገበበት ኃይል ከግድግዳ ተላትሞ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ሃሚልተን 10 ሴኮንዱን ጎማ ሲቀይር ቆሞ ከፈለ፣ መኪናው ፈጣን ነበርና ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ሌክለርን ቀድሞ አሸነፈ። አንዱ ጋ ተጎጂው ምንም ሳያጣ ጥፋተኛው ሁሉን አጣ፤ ሌላው ጋ ተጎጂው ሁሉን አጥቶ ጥፋተኛው 25 ነጥብ ወሰደ። ከባድ የተባለው ቅጣት ደግሞ ያሸናፊው ነው።

ዳኞቹ የሚመሩበት መርሕ አለ፦ የሚቀጣው ድርጊቱ ነው እንጂ ያስከተለው ውጤት አይደለም። ሲሰሙት ያስቆጣል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል አይደለም። ሁለት አሽከርካሪዎች እኩል አርፍደው ፍሬን ያዙ እንበል። የአንዱ ጎማ የፊተኛውን ጎን ዳብሶ አለፈ፤ የሌላው በጥቂት ሳንቲሜትር ልዩነት የፊተኛውን ጎማ ሰበረ። ስሕተታቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው ዕድል ነው። ዕድልን መቅጣት ከጀመርን ማለቂያ የለውም። በዚህ እስማማለሁ።

የማልስማማው መርሑ በአንድ ወገን ብቻ ሲሠራ ነው። በተጎጂው በኩል ዕድልን እንርሳ ካልን፣ በጥፋተኛው በኩል ዕድሉን ለምን እንተዋለን? 5 ሴኮንድ ራሱ ዋጋው በዕድል የሚወሰን ገንዘብ ነው። ከኋላው 20 ሴኮንድ ባዶ ላለው ሰው ከምንም አይቆጠርም፤ ስድስት መኪና ጅራቱን ይዞ ለሚከተለው ሰው ስድስት ደረጃ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሴፍቲ ካር ከወጣ ደግሞ ሳይንዝን ያስታውሷል። በ2019 ሞንትሪያል ላይ ለሰባስቲያን ቬትል የተሰጠው ይኸው 5 ሴኮንድ ነበር፤ መጀመሪያ መስመሩን ያለፈው በ1.3 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ስለነበር ትንሿ ቅጣት ድሉን በላችው። ተናዶ የአንደኛነቱን ሰሌዳ ከሃሚልተን መኪና ፊት አንስቶ የራሱ መኪና መቆም በነበረበት ቦታ ተክሎት ሄደ። ግትር ያሉት ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ጥፋቱን የሚወስነው ፍርድ ሳይሆን የቅጣቱ ተመን። ጥፋቱ ላይ ዳኞቹ ይከራከራሉ፣ ቪዲዮ ይመረምራሉ፣ የመሪውንና የፍሬኑን መረጃ ያያሉ፣ ለመጀመሪያው ዙር ትርምስ ለቀቅ ይላሉ። ተመኑ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉን በአንድ ሙቀጫ ይወቅጡታል።

ተመኑ አስቀድሞ የታወቀ ቅጣት ሌላም መዘዝ አለው፤ ይገዛል። በ2024 ጂዳ ላይ ኬቨን ማግኑሰን ሁለት ጊዜ 10 ሴኮንድ ተቀጣ። የራሱ ውድድር እንዳበቃለት ሲያውቅ ቀስ ብሎ እየነዳ ከኋላው ያሉትን ይዞ አቆየ፤ የቡድን ጓደኛው ኒኮ ሁልከንበርግ በዚያ መሐል ርቆ ሄዶ፣ ጎማ ቀይሮ፣ አሥረኛ ሆኖ አንድ ነጥብ አመጣ። 20 ሴኮንድ ከፍሎ ነጥብ ገዛ ማለት ነው። በ2025 ሞናኮ ላይ ራስል ይህንኑ ሊሞክር ነበር። አሌክስ አልቦን ሆን ብሎ ሲያዘገየው ትዕግሥቱ አልቆ ቺኬኑን (ፍጥነት ለማብረድ የተሠራውን ጠመዝማዛ ኩርባ) አቋርጦ ቀደመው፤ ቅጣቱን እቀበላለሁ ሲልም በሬዲዮ ተናገረ። ሒሳቡ ግን አልሠራለትም፤ ዳኞቹ ከተለመደው 10 ሴኮንድ አልፈው በፒት (ጎማ በሚቀየርበት የጎን መንገድ) ውስጥ በዝግታ አቋርጦ እንዲያልፍ ፈረዱበት። እጄን ያጨበጨብኩበት ውሳኔ ነው። ቅጣቱን ገምቶ የሚያጠፋን ሰው ግምቱን ማፍረስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ «ያልኩትስ ይህንኑ አይደል፤ ዳኛው ያመዛዝን!» ሊሉ ነው። እስቲ የ2021 አቡዳቢን ያስታውሱ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩት ኒኮላስ ላቲፊ ተጋጨ፣ ሴፍቲ ካር ወጣ። የውድድሩ ዳይሬክተር ዙር ከተደረበባቸው መኪኖች ውስጥ ይመራ በነበረው በሃሚልተንና በተከታዩ በቨርስታፐን መካከል የነበሩትን አምስቱን ብቻ አሳልፎ ውድድሩን ለአንድ ዙር ከፈተው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ውድድሩ በሴፍቲ ካር ኋላ እንዳይሞት ፈልጎ ነው። ነገር ግን ሁኔታውን አመዛዝኖ ደንቡን ሲለጥጠው የዓለም ሻምፒዮናው በዚያ አንድ ዙር እጅ ቀየረ። የበላዩ ፌዴሬሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት ጉዳዩን የሰው ስሕተት አለው፤ ዳይሬክተሩ ከቦታው ተነሳ፤ በደንቡ ላይ የነበረችው ቃልም «ሁሉም መኪኖች» በምትል ተተካች። አንዲት ቃል ብቻ! ሥርዓትን በሚመለከት ጉዳይ፣ ማለትም ሴፍቲ ካር እንዴት ይገባል፣ ፒት መቼ ይዘጋል በሚለው፣ የሚያመዛዝን ዳኛ አልፈልግም። በ2020 ሞንዛ ላይ ሃሚልተን ተዘግቶ የነበረ ፒት ውስጥ ገብቶ፣ በደንቡ ላይ በተቀመጠው መሠረት 10 ሴኮንድ ቆሞ እንዲሄድ ተቀጣ። ሲመራ የነበረው ሰው ወደ መጨረሻ ወርዶ ሰባተኛ ጨረሰ፤ ፒየር ጋስሊ አሸነፈ። የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ በፈጣኑ ኩርባ ውጫዊ ጎን ስለነበር አላየውም። ሊታዘንለት ይችላል፤ ነገር ግን ፒቱ የተዘጋው መግቢያው አጠገብ የቆመ መኪና ስለነበረ ነው። ቅጣቱ ሠራተኞቹን የሚጠብቅ አጥር ነው፣ አጥር ደግሞ በር እንዲበዛበት አይወደድም።

ስለ መቅደም የተጻፈው መመሪያ ግን የግትርነትን ሌላ ገጽ ያሳያል። ፌዴሬሽኑ በ2025 ይፋ ባደረገው መመሪያ ከውስጥ በኩል የሚቀድም ሰው ቦታ የሚገባው፣ በኩርባው እምብርት (መኪናው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ በጣም በሚጠጋበት ነጥብ) ላይ የፊት ጎማው አክሲል ቢያንስ ከተቀዳሚው መስታወት ጎን ሲደርስ ነው። ንጹሕ መለኪያ ይመስላል። ችግሩ፣ ቀድሞም ቢሆን ዳኞቹ «እምብርቱ ላይ ማን ቀደመ?» ብለው እንደሚፈርዱ የገባው አሽከርካሪ ፍሬኑን ዘግይቶ በመያዝ እምብርቱ ላይ ቀድሞ ይገኛል፤ ከዚያ ሁለቱም ከትራኩ ይወጣሉ። በ2024 ኦስቲን ላይ ቨርስታፐን ላንዶ ኖሪስን የተከላከለው በዚህ መንገድ ነበር። ሁለቱም ከመስመር ወጡ፤ 5 ሴኮንድ የተቀጣው ኖሪስ ሆኖ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ወረደ። መለኪያው ባህሪን ለመዳኘት ተሠራ፤ ባህሪው ራሱ ለመለኪያው ተሠራ።

ሞተር ሳይክሉም አላመለጠም። በሞቶ ጂፒ የፊት ጎማ ግፊት ለአብዛኛው የውድድሩ ክፍል ከተወሰነ መጠን መውረድ የለበትም፤ ከወረደ በእሑዱ ውድድር 16 ሴኮንድ ይጨመራል። ግፊቱ የሚወጣው ጎማው ሲግል ነው፤ የሌላውን ጭራ ይዞ የሚሄድ ጎማ በሞቃት አየር ይግላል፣ ከፊት የሚመራ ደግሞ በንጹሕ አየር ይበርዳል። በ2025 ታይላንድ ላይ ማርክ ማርኬዝ እየመራ ሳለ ሆን ብሎ ወንድሙን አሌክስን አሳልፎ፣ ጎማው እስኪግልለት ከኋላው እየተከተለ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ቀድሞት አሸነፈ። ብልህነቱን አደንቃለሁ፤ የሚመራ ሰው ቅጣት ፈርቶ ቦታውን የሚለቅበት ደንብ ግን ለስፖርቱ አይመችም። በዚያው ዓመት ኳታር ላይ ማቨሪክ ቪኛሌስ ሁለተኛ ጨርሶ በዚህ ቅጣት አሥራ አራተኛ ሆነ። ደንቡ ለደኅንነት የወጣ ልኬት ስለሆነ ጥብቅነቱን አልቃወምም፤ ግን ይህ ልኬት እንደ ክብደት በአሽከርካሪውና በቡድኑ እጅ ሙሉ በሙሉ ያለ አይደለም። ፊት ለፊቱ ሌላ ሞተር መኖር አለመኖሩ ይለውጠዋል። እዚህ ላይ የልኬት ጥብቅነት የቆመበት መሠረት ይሳሳል።

የትራኩን ጠርዝ በሚያመለክተው ነጭ መስመር ጉዳይ ላይ ብዙ አልቆይም። በ2023 ኦስትሪያ ላይ ከ1,200 በላይ «ከመስመር ወጥቶ ሊሆን ይችላል» የሚሉ ሪፖርቶች ዳኞቹ ጋ ደረሱ። ተመልክተው ሊጨርሱት አልቻሉም፤ አንድ ቡድን ተቃውሞ ካቀረበ በኋላ ውድድሩ ካለቀ ሰዓታት አልፈው ስምንት አሽከርካሪዎች ተቀጡ። በቀጣዩ ዓመት በመጨረሻዎቹ ሁለት ኩርባዎች ጠርዝ ላይ ጠባብ የጠጠር መደብ ተነጠፈ። መስመር የወጣ ሰው ጠጠር ውስጥ ገብቶ ጊዜ ያጣል፤ ክርክሩ በአብዛኛው ጠፋ። ጠጠር ይግባኝ አይባልበትም።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ ምን ቢደረግ እመርጣለሁ? ከትራክ ወጥቶ የቀደመ ሰው ሴኮንድ ከሚቆጠርበት ቦታውን ይመልስ፤ መልሱን በጥቂት ዙር ውስጥ ካልሰጠ በፒት ማለፍ ይፈረድበት። ገጭቶ ሌላውን ለጎዳ ሰው ቅጣቱ ወዲያው በትራኩ ላይ የሚከፈል ቢሆን ይሻላል። ሞቶ ጂፒ ከ2019 ጀምሮ ያለው ረጅም ዙር፣ ማለትም ጥፋተኛው በኩርባው ውጭ በተሰመረ ረጅም መንገድ ዞሮ የሚያልፍበት ቅጣት፣ ከቦታ ያስወርዳል፣ ሁሉም ያየዋል፣ መጨረሻ ላይ በወረቀት የሚደመር ነገር አይኖርም። በብዙዎቹ የመኪና ትራኮች ለዚህ የሚሆን ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ውድድሩ በሴፍቲ ካር ኋላ የሚያልቅ ከሆነ፣ በመጨረሻው ደቂቃ የሚሰጥ ቅጣት በሴኮንድ ሳይሆን በደረጃ ይሁን፤ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ። ይህን ለመጻፍ አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ሳይንዝም አሥራ ሁለተኛ ባልሆነ ነበር።

የጀመሩበትን ጥንድ ልመልስልዎ። የራስል መኪና ዛሬ እኔ ሚዛን ላይ ብትወጣ፣ 796.5 ካሳየች እሰርዛታለሁ፤ ሌሊቱንም እተኛለሁ። በሲልቨርስቶኑ ዕለት ከዳኞቹ አንዱ ብሆን ኖሮ ደግሞ የጥፋቱን ድርሻ እንዳዩት አይቼ፣ 10 ሴኮንዱን ትቼ በፒት ውስጥ ማለፍን እፈርድ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢያሸንፍ፣ ኮፍያዬን አንስቼ ዝም እል ነበር።